ግድብ፣ ኩሬ፣ ጉድጓድ ወይስ ምንጭ? ወሎ ውስጥ ውሃ ለሚመርጥ ሰው

ባለፈው ጥር ተሁለደሬ፣ አጎቴ ቤት፣ ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። ቶናው ሳይቀዳ ጨዋታው ወደ ውሃ ዞረ።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ እስኪ ንገረን» አሉኝ አጎቴ። «ቀበሌው ሐሳባችሁን አምጡ ብሎናል። ግማሹ ሰው ግድብ ይሠራልን ይላል። ግማሹ ጉድጓድ ይቆፈርልን ይላል። ሴቶቹ ደግሞ ምንጯን አጥሩልን ነው የሚሉት። የትኛው ነው የሚበጀን?»

«አንቱስ የቱን ይመርጣሉ?» አልኳቸው።

«እኔማ ግድቡን ነዋ። ውሃ ሞልቶ ተኝቶ ሳየው ደስ ይለኛል።»

ያን ቀን ቶሎ መልስ አልሰጠሁም። የውሃ ሥራ አንዴ ከተሠራ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ከተበላሸም ጦሱ ለልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ አማራጮቹን እያነሳሁ ላወዳድራቸው። የማወዳድረው ወሎን እያሰብኩ ነው። ደላንታም ያለ፣ ራያ ቆቦም ያለ፣ ከሚሴም ያለ ሰው የራሱን ቦታ በዓይነ ሕሊናው እያየ ያንብበው።

መጀመሪያ ጀሪካኑን እንከፋፍለው

የዓለም ውሃ በሙሉ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ገባ እንበል። አስራ ዘጠኝ ሊትር ተኩሉ ጨዋማ ነው። የሚቀረው ግማሽ ሊትር ብቻ ነው፤ አንዲት ትንሽ ሃይላንድ። ከእሷም ሁለት ሦስተኛው በረዶ ሆኖ አንታርክቲካና ግሪንላንድ ላይ ተቀምጧል። ሁለት የቡና ስኒ የሚያህለው ከመሬት በታች ነው። በዓለም ላይ ወንዝና ሐይቅ የሚባለው ሁሉ፣ ዓባይም፣ ቦርከናም፣ ሐይቅና አርዲቦ የሚባሉት የወሎ ሐይቆችም ተደምረው፣ ከጀሪካኑ ሠላሳ ጠብታ ገደማ ነው።

ሰው የሚጣላውም የሚታረቀውም በዚህች ሠላሳ ጠብታና በሁለቱ ስኒ ነው።

ግድብ ጠብታዋን አያበዛትም። የነሐሴን ውሃ ለመጋቢት ያቆየዋል፤ የታችኛውን ሰው ውሃ ለላይኛው ያደርገዋል። ኩሬም ጉድጓድም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ አንድ የውሃ ሥራ ሲታሰብ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ውሃ አሁን የማን ነው? በየትኛው ወር ነው የሚፈለገው?» ብዬ ነው።

ወሎ ላይ ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ከደሴ እስከ ወልድያ ያለው ተራራ ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል። በምዕራብ የወረደው በበሽሎና በተከዜ አድርጎ አገር ለቆ ይሄዳል። በምሥራቅ የወረደው ቦርከናና ሚሌን ይዞ አዋሽ ይገባል፤ ጎሊናም ቆቦን አቋርጦ አፋር ይወርዳል። ዝናቡ ደግሞ ክረምት ላይ ይከመራል። በልግ የሚጠብቀው ደጋ፣ በልጉ ሲቀርበት ዓመቱ ይበላሻል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእኛ ነው።

ትልቁ ግድብ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ሰው ግድብ ሲል ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ትልቁ ነው።

ወሎ የትልቅ ግድብ ባለቤት ባይባልም ጎረቤት ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሳል። በ2002 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት የጀመረው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው፤ አቅሙ 300 ሜጋዋት ነው። በሽሎ ደግሞ በደላንታና በመቅደላ ሥር በገደል ወርዶ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ውስጥ የወሎ ዝናብ አለበት። የወሎ አፈርም አለበት።

ጥቅሙን የሚክድ ሰው አይደለሁም። የአገራችን መብራት ከአሥር እጁ ዘጠኙ የሚበልጠው ከውሃ ነው የሚመጣው። ናፍጣ አይነድበትም፣ ጭስ የለውም። የተከዜ ሰው ሠራሽ ሐይቅ የዋግ ኽምራን ወጣት ዓሣ አጥማጅ አድርጎታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጉዳቱም እውነት ነው፤ እሱንም አብሮ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ደለል ነው። ወንዝ ሲሮጥ አፈር ይሸከማል፤ ሲቆም አፈሩን ያስቀምጣል። ግድብ ማለት ወንዝን ማቆም ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ እስከ ዛሬ ድረስ አዋሽ የሚያመጣለትን አፈር ሲውጥ ኖሯል፤ ይይዘው ከነበረው ውሃ ቀላል የማይባል ድርሻ ደለል ወስዶበታል። ከታች ያለው አገር ደግሞ አፈሩ ይናፍቀዋል። ግብፅ የአስዋንን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ጨረሰች፤ ውሃውን ከያዘች ወዲህ በየዓመቱ ማሳዋን ያለብስ የነበረው ለም ደለል ቀረባት። ገበሬዋ ማዳበሪያ ገዢ ሆነ፤ የዓባይ ወንዝ መጨረሻም በባሕር እየተበላ ነው።

ሁለተኛው ትነት ነው። የአስዋን ሐይቅ በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በፀሐይ ብቻ ያጣል። ይህ ተከዜ ግድብ ጢም ብሎ ሲሞላ ከሚይዘው ጋር የሚስተካከል ነው። የማንንም ጥም ሳይቆርጥ ወደ ሰማይ የሄደ ውሃ ማለት ነው። ሐይቁ በቆላ ሲሆንና ሰፍቶ ሲተኛ ትነቱ ይብሳል። በጠባብ ገደል ውስጥ ጠልቆ ሲቆም ይቀንሳል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ደን፣ ቁጥቋጦና ሣር ሳይመነጠር ውሃ ሲተኛበት፣ ሥር ላይ አየር ሳያገኝ ይበሰብሳል። ከዚያ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ አየሩን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ይከፋል። ብራዚል ውስጥ ባልቢና የሚባለው ግድብ 2,360 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ደን አጥለቅልቆ አቅሙ 250 ሜጋዋት ነው። ለአንድ ሜጋዋት ከ9 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ማለት ነው። ሕዳሴ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይዞ 5,150 ሜጋዋት ነው። ለአንድ ሜጋዋት ግማሽ ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንኳ አይደርስም። ግድብ ሁሉ እኩል ይጎዳል የሚል ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይያቸው። ጉዳቱን የሚወስነው ቦታው ነው።

አራተኛው የታችኛው ሰው ነው። ግልገል ጊቤ 3 ከተሠራ በኋላ የኦሞ ወንዝ እንደ ድሮው በየዓመቱ ሞልቶ መውጣቱን ተወ። ከታች ያሉ ሕዝቦች ጎርፉ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። የቆቦ ገበሬ ይህን ሳይነገረው ይገባዋል። እሱም ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ሰው ነው። ለላይኛው «ጥፋት» የሚመስለው ጎርፍ ለታችኛው እንጀራ ነው። የአፋር አርብቶ አደርም የግጦሹን ሣር የሚያገኘው ከዚያው ጎርፍ ነው።

ድርቅንም አንርሳ። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ነበር። ያኔ ከተማ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል፤ ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠበቀው በመብራቱ ቀን ነበር። መብራትን በሙሉ በዝናብ ላይ ማሰር የሚያስከፍለው ይህንን ነው።

ርዕደ መሬትንም እናስብ። ወሎ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሷታል። እኛ አገር ትልቅ ግድብ ሲታሰብ የመሬቱ ጥናት ሊታለፍ አይችልም።

ቀበሌ ትልቅ ግድብ አይመርጥም፤ እሱ የመንግሥት ውሳኔ ነው። ግን ፕላኑ ወደ አካባቢያችሁ ከመጣ ስብሰባ ላይ ዝም አትበሉ። ሐይቁ የማንን ማሳ፣ የማንን መቃብር፣ የትኛውን መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ይሸፍናል? ተነሺው ካሳውን የሚያገኘው ከመነሳቱ በፊት ነው በኋላ? ከታች ላለው ወንዙ በበጋ ስንት ይለቀቅለታል? የሚመነጨው መብራት እዚሁ ላለው ቤት ይገባል ወይስ በላይ አልፎ ይሄዳል? አራቱንም ጠይቁ። መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ትንሹ ግድብ

ማይክሮ ዳም የሚባለው ነው። በሁለት ኮረብታ መካከል አፈር ተጠቅጥቆ የሚሠራ፣ ከሥሩ ጥቂት ሄክታር የሚያጠጣ። አጎቴ የፈለጉት ይህንን ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንዱን ለማየት ሄጄ ነበር። የት እንደሆነና ማን እንደሠራው አልናገርም። ስንደርስ ሐይቁ የታለ አልኩ። አንድ እረኛ ልጅ በዱላው አሳየኝ። ሐይቅ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ሣር በቅሎ ሰባት ከብት ይግጣል። ልጁ ዱላውን መሬቱ ላይ ሰካው፤ እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ሁሉም ደለል ነው። የውሃ መልቀቂያው ብረት ዝጎ ቆሟል፤ ሲዞር የሚለቀው ነገር የለም። በላይ ያለው ኮረብታ ግን ራቁቱን ነው። አንድ እርከን የለበትም። ቦረቦሩ እንደ እጅ ጣት ተዘርግቶ ሁሉም ወደዚያ ግድብ ይወርዳል። ያን ያህል ሰው ድንጋይ የተሸከመበት ሥራ፣ ያን ያህል ተስፋ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማይክሮ ዳም ሲሠራ ከሥር ለደለል የሚተው ቦታ አለ። ኮረብታው ካልታከመ ያ ቦታ በጥቂት ክረምት ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ የውሃውን ቦታ ይወስዳል። ማውጣቱ ከመሥራቱ ያልተናነሰ ወጪ አለው።

ሁለተኛው ነገር በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት በትግራይ ትንንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናትን ራቅ ብለው ከሚኖሩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ግድብ አጠገብ ያሉት ወባ የሚይዛቸው በሰባት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቦታዎቹ ከ1,800 ሜትር በላይ ነበሩ። «እኛ ወይና ደጋ ነን፣ ወባ አይደርስብንም» የሚል ሰው ይህን ያስብበት። ቢልሃርዝያም አለ፤ ለሐይቅና ለከሚሴ አካባቢ ሰው አዲስ ስም አይደለም። ቀንድ አውጣዋ የቆመና ቀስ የሚል ውሃ ትወዳለች። ልጆች ደግሞ ግድብ አይተው ሳይዋኙ አይቀሩም።

ስለዚህ ትንሽ ግድብ የምመርጠው ሦስቱም ሲሟሉ ነው። ኮረብታው ከግድቡ በፊት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ታክሞ ከሆነ፤ ቤቶች ከውሃው ራቅ ካሉ፤ ውሃውን የሚያከፋፍል ሰው፣ ድሮ የውሃ አባት የምንለው ዓይነት፣ ሕዝቡ የመረጠው ካለ። አንዱ ከጎደለ ይቅር። እርከኑ ቀድሞ ይሠራ።

የቤት ኩሬና ጣሪያ

ኩሬ ለአንድ ቤተሰብ ነው። ጉድጓድ ይማስና ጂኦሜምብሬን፣ ገበሬው ፕላስቲክ የሚለው፣ ይነጠፍበታል። ክረምት ላይ ይሞላል። ለችግኝ፣ ለጓሮ አትክልት፣ ለጥቂት በግ ይሆናል።

የኩሬ ጠላት ፀሐይ ናት። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ኩሬ አስቡ። በበጋ ቀን አምስት ሚሊ ሜትር ቢተን፣ ጥፍር እንኳ የማይሞላ ውፍረት ነው፤ ግን ሲሰላ 500 ሊትር ይሆናል። ሃያ አምስት ጀሪካን በየቀኑ! ሚስትህ አንድ ጀሪካን ለማምጣት አንድ ሰዓት ስትሄድ፣ ጓሮህ ላይ ሃያ አምስቱ ይተናል። ስለዚህ ኩሬ ሲማስ አፉ ጠቦ ሆዱ ይጥለቅ። በላዩ ዳስ ነገር ይሠራበት፤ ዱባ ወይም ሐረግ ይውጣበት። አጥር ደግሞ ግዴታ ነው። ጠርዙ ፕላስቲክ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ የወደቀ ልጅ መውጫ አያገኝም።

ለመጠጥ ከኩሬ ይልቅ ጣሪያ እመርጣለሁ። አርባ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብበት፣ የሚባክነው ተቀንሶ 25 ሺህ ሊትር ገደማ ይወርድበታል። ችግሩ ማስቀመጫው ነው። ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ መቶ ጀሪካን ነው። ለመጠጥና ለወጥ ብቻ በቀን ሠላሳ ሊትር ከተወሰደ ሁለት ወር ያደርሳል። በጋውን በሙሉ አይሸፍንም። የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ ጣሪያ ላይ ግን ከሁሉ በፊት የማስበው ይህን ነው፤ ጣሪያው ሰፊ ነው፤ ውሃውም ማንንም አይነካም።

ጉድጓድ

ከጀሪካናችን ሁለቱን ስኒ የምንቀዳው በዚህ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ አይተንም፣ ወባ አያራባም፣ ድርቅ ሲመጣ ቶሎ አይደርቅም። ቆቦ ጊራና ሸለቆ ላይ በጥልቅ ጉድጓድ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲወጣ ያየ ሰው ጉድጓድ ቢመኝ አይፈረድበትም።

ግን ከባንክ እንዳለ ገንዘብ ነው። በየክረምቱ የሚገባ አለ፣ በየቀኑ የሚወጣ አለ። የሚወጣው ከበለጠ ያልቃል። ሐረርጌ ላይ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ መሬቱ ላይ ሰው ሲሄድበት ነበር። ፓምፑ በዛ፣ ደለሉ በዛ፣ ከተማውም ጠጣው። እኛም ሐይቅና አርዲቦ አሉን። ሐይቅ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። የሚገባበትን ጠልፈን፣ ዙሪያውን በፓምፕ ከቀዳን፣ የሚሞላው ሌላ የለም። ይህን ስጽፍ ልቤ ይፈራል።

ሶላር ፓምፕ መምጣቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ናፍጣ አይጠይቅም፤ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። ግን ናፍጣ ስለማይጠይቅ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀዳል። ድሮ ናፍጣ መወደዱ ራሱ ልጓም ነበር። አሁን ልጓሙን ሕዝቡ ራሱ ማበጀት አለበት፤ የሰዓት ገደብ፣ ቆጣሪ፣ በየወሩ የውሃውን ጥልቀት በገመድ መለካት።

ጥልቅ ጉድጓድ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ፓምፑ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ደሴ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ? ለዚህ መልስ የሌለው ጉድጓድ በሁለት ዓመት ውስጥ ዝም ይላል። በእጅ የሚቆፈርና የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ ጥቂት ውሃ ነው የሚሰጠው፤ ግን መንደሩ ውስጥ ያለ ሰው ሊጠግነው ይችላል። ለመጠጥ ብቻ ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ውሃው ግን መመርመር አለበት፤ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድና ጨው ያለበት ይገኛል።

ጥራት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ለዮሌና ወርቃ ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ፍሳሽ እየተቀበሉ ወደ ቦርከና የሚገቡ ወንዞች ናቸው። ከታች ያለ ገበሬ ወንዝ አለው፤ የሚጠጣው ውሃ ግን የለውም። ወንዝን ማቆሸሽም ከሠላሳዋ ጠብታ ላይ መቀነስ ነው።

ምንጭ

ሴቶቹ የጠየቁት ይህን ነበር። ስለ ውሃ ከሴቶቹ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በየወሩ ስንት ሰዓት ወረፋ እንደሚጠበቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ምንጭ ማጎልበት ማለት ምንጩ የሚወጣበትን ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ሸፍኖ፣ ከብት እንዳይገባበት አጥሮ፣ ውሃውን በቧንቧ ወደ ማከማቻ መውሰድ ነው። ምንጩ ከመንደሩ በላይ ከሆነ ፓምፕ አያስፈልግም፣ ውሃው ራሱ ይወርዳል። ሰው አያፈናቅልም። ደለል አይሞላውም። ከላይ በኩል መጸዳጃ ቤትና በረት ካልተሠራ ንጹሕ ነው።

ድክመቱ ጥቂት መሆኑ ነው። ስንት እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሥሩ አድርጉና በስልክ ሰዓት ያዙ። በጥር ከአጎቴ ልጆች ጋር ለካነው። በ40 ሰከንድ ሞላ። ይህ በቀን 43,200 ሊትር ነው። በገጠር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በተያዘው መለኪያ ከ1,700 ሰው በላይ ያጠጣል።

ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። «መስኖም ይሆናል!» አሉ። እዚህ ላይ ሒሳቡን አብረን ሠራን። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በበጋ በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ውሃ ቢጠጣ 50 ሺህ ሊትር ነው። አንድ ጥማድ ብቻ፣ ሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ 12 ሺህ 500 ሊትር ይፈልጋል፤ የ500 ሰው የቀን ድርሻ። የቧንቧ ውሃና የመስኖ ውሃ አንድ ላይ ሲታሰብ ሁልጊዜ የሚበላው መስኖው ነው።

ጥር ላይ መለካት ደግሞ አይበቃም። ምንጭ የሚፈተነው በልግ ከመግባቱ በፊት የካቲት ላይና ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰኔ መባቻ ላይ ነው። ዝቅተኛውን ቁጥር ይዞ ነው መወሰን።

ለመብራት ሲሆንስ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ወሎ ውስጥ በጋም የማይደርቅ ጅረት ካለ፣ ድሮ የውሃ ወፍጮ ይዞርበት እንደነበረው፣ ትንሽ ተርባይን ይቻላል። በሰከንድ 50 ሊትር ውሃ ከ20 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ወደ 6 ኪሎዋት ይሰጣል። ለመቶ ቤት አምፖልና ስልክ ቻርጅ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አንዱ ብቻ ከሦስት ኪሎዋት ተኩል በላይ ይፈልጋል፤ ሁለት ቤት እንጀራ ከጣደ መንደሩ ይጨልማል። ግድብ አያስፈልገውም፤ ውሃው በቦይ ተጠልፎ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ዓሣውና የታችኛው ሰው እንዳይጎዱ ግን የበጋው ውሃ በሙሉ ወደ ቦይ አይግባ። ጅረት ከሌለ ሶላር ነው። ለሶላር ብሎ የሚሰጥም ማሳ የለም፤ ጣሪያ ይበቃዋል።

ተራራው

ይህን እንደ አማራጭ አላስቀምጠውም። የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ነው። በድርቁ ዘመን ወሎ ላይ ሕዝቡ እህል እየተከፈለው እርከን ሠርቷል። ደሴ አጠገብ ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የአፈር መከላት በምርምር ሲለካ ኖሯል። ዕውቀቱ እዚሁ አለን።

ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የሆነ ተራራ ሣር ያበቅላል። ሣሩ ዝናቡን ያቆመዋል። የቆመ ዝናብ ይሰርጋል። የሰረገው ከወራት በኋላ በምንጭና በጉድጓድ ይወጣል። ይህም ማከማቻ ነው፤ ከግድብ የሚለየው የሚያጠልቀው መሬት የሌለውና የማይተን መሆኑ ነው። እርከንና የድንጋይ ክትር ቅድሚያ ይሰጣቸው የምለው ለዚህ ነው። እርግጥ ነው፣ ከብት የት ይግባ የሚል ጥያቄ አለ። ሣሩን አጭዶ ማብላት ይቻላል፤ ተራው ግን በደንብ ካልተያዘ ደኻው ይጎዳል። እሱን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይፍቱት።

እንግዲህ የአጎቴን ቀበሌ በዚህ አየሁት። ከምንጯ በላይ ያለው ኮረብታ ግማሹ ተጎድቷል። ቤቶቹ ግድብ ሊሠራበት ከታሰበው ቦታ አንድ ጥይት ተኩስ አይርቁም። የጥልቅ ጉድጓድ ጠጋኝ የለም። ምንጯ ግን ከመንደሩ በላይ ናት። ምክሬን ላክሁላቸው፦ ዘንድሮ ምንጯን አጥሩ፣ ኮረብታውን ከልሉ፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሮቶ ይተከል። ግድቡን ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና እንየው።

ሰኔ 2 ላይ አጎቴ ደወሉ።

«ለካናት» አሉኝ። «ስልሳ አምስት ሰከንድ።»

ሒሳቡን ሠራሁት። ወደ 26,600 ሊትር። ለ1,060 ሰው። ጎጡ ውስጥ 180 አባወራ አለ፤ በአምስት ቢባዛ 900 ሰው። ለመጠጥ ትበቃለች። ለሽንኩርት አትተርፍም። ሌሊት የሚፈሰውን የሚይዝ ማከማቻ ግን የግድ ነው፤ አለዚያ ሰው ሲተኛ ውሃው ይሄዳል።

«ስንት ሊትር የሚይዝ እንሥራ?» አሉ።

«ቢያንስ አሥራ አምስት ሺህ። ሴቶቹስ ምን አሉ?»

«ከኮሚቴው አምስት ሰው ሦስቱ እነሱ ሆነዋል። ድንጋዩን ማምጣት ጀምረናል፣ አብሽር።»